የደህና ሰዎች ጫማ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቤቶቹ በእግራቸው ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ።

የቆርቆሮ አጥራቸውን ተከናንበው፣ በረንዳቸውን እንደ ቀሚስ ጫፍ ሰብስበው፣ ዋናው በር ላይ ተሰልፈው ይፈተሹ ነበር። ጥበቃው የአንዱን ቤት ቁም ሳጥን ከፍቶ አየና "ስለት ነገር ይዛችኋል?" አለ። "የሽንኩርት ቢላ ብቻ" አለ ቤቱ። ቢላውን አስቀምጦ ገባ። ማንም አልደነገጠም። እኔም አልደነገጥኩም፤ ያሳሰበኝ የእኛ ወንበር ይበቃቸዋል ወይ የሚለው ነበር።

የምሠራው ሰው ምን እንደሚያጨስ፣ ምን እንደሚውጥና ምን እንደሚያሸት መረጃ ሰብስቦ ለሕዝብ በሚያሳውቅ መሥሪያ ቤት ነው። እኔ በማሳወቁ በኩል ነኝ፤ መግለጫ እጽፋለሁ። አሰባሰቡ ቀላል ነው። ባልደረቦቼ ከየሰፈሩ የእድር ዳኛ ጋር እየዞሩ በር ያንኳኳሉ። ዳኛው ከኋላ ቆመው እህ፣ እህ እያሉ ይስላሉ። ባልደረባዬ "እዚህ ቤት ሱስ ያለበት ሰው አለ?" ብሎ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ ይጠይቃል። የቤቱ እናት የዳኛውን ፊት አየት አድርጋ "ተመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን" ትላለች። በሩ ላይ በጠመኔ ራይት ይደረጋል። እኔ ራይቶቹን ይዤ "አበረታች ውጤት ተመዝግቧል" ብዬ እጽፋለሁ። ይሄ የሕልሙ ክፍል አይደለም። ይሄ ሥራዬ ነው።

በሕልሜ ግን ጠያቂዎቹ ቤቶቹ ነበሩ። አረንጓዴ ግድግዳ ያለው አንዱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ። ቤቱ መስኮቱን በመጋረጃው ጠረግ ጠረግ አድርጎ አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"መግለጫ የጀመርከው መቼ ነው?"

"ዩኒቨርሲቲ እያለሁ። ጓደኞቼ ሲጽፉ አይቼ።"

"አሁን በሳምንት ስንት ትወስዳለህ?"

"እንደ ወቅቱ ነው። በጀት መዝጊያ ላይ ይበዛብኛል።"

"ለማቆም ሞክረህ ታውቃለህ?"

"ብፈልግ ዛሬ አቆማለሁ።"

ቤቱ ጣሪያውን በሐዘን ነቀነቀ። ከውስጡ የሆነ ሰው ጎኑን ቀይሮ ሲተኛ ሰማሁ።

በዚህ መሐል ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ምንትዋብ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝተው በኮሪደሩ አለፉ። ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፤ በቱቦው የሚወርደው ግን ጥቃቅን ጥቁር ቁጥር ነበር። አልጋውን የሚገፉት ድልድይ ሥር ማስቲሽ የሚያሸቱት ልጆች ነበሩ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል። የማስቲሽ ጠርሙሳቸው እንደ ባጅ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"አንድ ፐርሰንት ብቻ!" አሉ ወይዘሮ ምንትዋብ። "አንዲት ቅናሽ ብቻ ስጡኝ፣ ከሰዓት ጋዜጠኞች አሉብኝ!"

"አይዞዎት እናቴ" አለ ባለ ከረባቱ ልጅ ግንባራቸውን እየዳበሰ። "ትናንትም የመጨረሻዬ ነው ብለው ነበር እኮ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ትከሻዬን ይዞ አዞረኝና ጀርባዬ ላይ በጠመኔ አንድ ነገር ጫረ።

"ምንድነው የጻፍክብኝ?"

"ራይት ነው። ደህና ነህ ማለት ነው።"

"ሳትጠይቀኝ?"

"ጋሽ ድንበሩ ሳሉ እኮ፤ ሳላቸውን አልሰማህም?" አለ ልጁ። በጣም የታወቀ ነገር የጠየቅኩት ይመስል ገረመው።

ዞር ስል እውነትም ጋሽ ድንበሩ ከኋላዬ ቆመዋል። የእኛ ሰፈር የእድር ዳኛ ናቸው። የድንኳን ቋሚ እንደ ምርኩዝ ይዘው፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ማንንም ሳያዩ ቆመዋል። መቼ እንደገቡ አላየሁም።

ከዚያ አይሱዙ ላይ ነበርኩ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ለቅስቀሳ የምንወጣበት ያው መኪና ነው፤ ጣሪያው ላይ ያው ሞንታርቦ ታስሯል። መኪናው ወደ ኋላ ይነዳ ነበር። ሾፌሩ መሪውን በጀርባው ይዞ እኔን ያያል።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"ዘመቻ ነዋ። ግንዛቤ ማስለቀቂያ።"

"ማስጨበጫ ማለትህ ነው?"

"እሱ ያለፈው ዓመት ነው። ዘንድሮ ሰዉ የጨበጠውን ነው የምናስለቅቀው።" ጥርሱን አሳየኝ። ሳቅ መሆኑን ያወቅኩት ድምፁ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ሞንታርቦው ድምፅ ማውጣት ትቶ ወደ ውስጥ ይስብ ነበር።

መጀመሪያ የሙዚቃ ቤቱን ዘፈን ሳበው። ቀጥሎ የታክሲ ረዳቱ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" ሲል አፉ ተከፍቶ ድምፁ ወደ እኛ ተመዘዘ። አንድ ውሻ ጮኾ ሳይጨርስ ቀረ። አንድ ሕፃን እናቱ ጀርባ ላይ አፉን ከፍቶ ያለቅስ ነበር፤ እናትየው ስላልሰማች አላባበለችውም። ሞንታርቦው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከውስጥ ድምፆቹ ሁሉ ተደራርበው፣ አንሰው፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንደተዘጋ ንብ ይተራመሱ ነበር። ቀስ ብዬ ሳዳምጥ ዘፈንም የታክሲ ጥሪም አልነበረም። ሁሉም ስም ይጠሩ ነበር። የሰው ስም። ልጃቸውን ለእራት የሚጠሩ ይመስላሉ።

ሰፈር ገባን። ቤቶቹ ቢሮ ስለነበሩ የቀረው በሮቹ ብቻ ነው። ምንም ነገር ሳይደግፋቸው በየቦታቸው ቆመዋል። በየበሩ ሥር የቤተሰቡ ጫማ ተደርድሯል፤ ከጫማዎቹ አጠገብ አንዲት እናት ቆማለች። እኔ ጠመኔ ይዤ ወረድኩ። የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁና ጥያቄውን ጠየቅኩ። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ማንም ግን ጥያቄውን አልጠበቀም። ጋሽ ድንበሩ ሳሉ። ሴትየዋ "ተመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን" አለች። ሞንታርቦው ያልወሰዳቸው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነበር፤ ሳሉንና መልሱን።

ራይት አደረግኩ።

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ጥንድ ጫማ ተነሳ። ጥቁር የተማሪ ጫማ ነው። ቀኙ ቀድሞ፣ ግራው ተከትሎ፣ ባዶውን እየተራመደ መጣና አይሱዙው ላይ ወጣ። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ የቀሩትን ጫማዎች አጠጋጋቻቸው። ክፍተቱ ጠፋ።

ቀጣዩ በር። ሳል። ሁላችንም ደህና ነን። ራይት። ባለ ተረከዝ የሴት ጫማ ቋ፣ ቋ እያለ ሳይሆን በዝምታ ወጣ። ቀጣዩ በር። የጎማ ጫማ። ቀጣዩ። የሠርግ የሚመስል፣ ገና ያልተለበሰ። አይሱዙው እየሞላ ሄደ። ጫማዎቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ፣ ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ መጡበት በር አዙረው ቆሙ። እጄ በጠመኔ ነጭ ሆነ። ደስ የማይል ነገር ልናገር? ሥራው እየፈጠነልኝ ነበር፤ በሐሳቤም "አበረታች ውጤት" እያልኩ ነበር።

ከዚያ ሰማያዊ በር ፊት ቆምኩ። እማዬ አጠገቡ ቆማለች። የእኛ በር ነው።

ሥሩ ሦስት ጥንድ ጫማ አለ። የእማዬ፣ የኔ፣ የያብስራ። ያብስራ ታናሽ ወንድሜ ነው። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ይውጣል፤ የሚያመውን ነገር ግን ሐኪም አላገኘበትም። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ አንዳንዴ ሲቀመጥ አንገቱ ይወድቃል። እማዬ "ደክሞት ነው" ትላለች። ጫማው ነጭ ስኒከር ነው፤ የግራው ማሰሪያ ስለጠፋ በተበጠሰ የቻርጀር ገመድ ያስረዋል።

ላለማንኳኳት ሞከርኩ። እጄ አንኳኳ።

ያብስራ ከእማዬ ኋላ በካልሲ ቆሞ ነበር። እኔን እያየ አንድ ነገር ይናገራል። አጭር ነገር ነው፤ ደጋግሞ ያንኑ ይላል። አልሰማሁትም። ወደ ሞንታርቦው ሮጬ ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ውስጡ የወንድሜን ድምፅ ፈለግኩ። ሁሉም የሰው ስም እየጠሩ ስለነበር ልለየው አልቻልኩም። ተመለስኩ። እማዬን "አትበይ" አልኳት። ከንፈሬን አየችው። የቀሚሷን ክር ከእጅጌዋ ላይ አነሳችና ወደ ጋሽ ድንበሩ ዞረች።

ጋሽ ድንበሩ ሳሉ።

እማዬ እንግዳ ሲመጣ የምትስቀውን ሳቅ ሳቀች። "ተመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን።"

ነጩ ስኒከር ተነሳ። ቀኙ ሄደ። ግራው የቻርጀር ገመዱን መሬት ላይ እየጎተተ ተከተለው። ያብስራ ወደ እግሩ አየ። ካልሲዎቹ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ተኝተዋል። አሁንም ያንኑ አጭር ነገር ይናገራል፣ እስከ ጉልበቱ ሳይኖር፣ ከዚያ እስከ ወገቡ ሳይኖር። በግራ እጄ ገመዱን ያዝኩ። ጫማው ጎተተኝ። በቀኝ እጄ ያለው ጠመኔ ግን እኔን ሳይጠይቅ ሰማያዊው በር ላይ መጫር ጀመረ፤ ቂጭ፣ ቂጭ፣ ቂጭ።

ነቃሁ።

ጠዋት ነበር። ፀሐይ አልጋዬ ጫፍ ደርሳለች። ቂጭታው ግን አላቆመም። ከውጭ በር ነው የሚመጣው። በባዶ እግሬ ወጣሁ።

የመረጃ ማሰባሰቡ ባልደረባዬ ገዛኸኝ የመሥሪያ ቤታችንን ሰደርያ ለብሶ፣ ሰማያዊው በራችን ላይ ራይት እያደረገ ነበር። እማዬ በሩን ይዛለታለች። ከኋላ ጋሽ ድንበሩ ካፖርታቸውን ቆልፈው ቆመዋል።

"እንዴ ናሆሜ!" አለ ገዛኸኝ። "አስደነገጥከን! ዛሬ የእናንተ ሰፈር ተራ ነው አላልኩህም?"

"ጠየቅክ?"

"ምኑን?"

"ጥያቄውን ነዋ።"

"አንተ ደግሞ! የራሳችን ሰው ቤት ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ቅንጣት ታህል እንኳን አልተጠራጠርኩም። ጋሽ ድንበሩም ይመስክሩ።"

"ይሄማ የተመሰገነ ቤት ነው" አሉ ጋሽ ድንበሩ።

"ተባረኩ" አለች እማዬ።

በሩ ሥር አየሁ። የእማዬ ጫማ አለ። የኔ አለ። ነጩ ስኒከር የለም።

"ናሆም" አለኝ ከኋላዬ የወንድሜ ድምፅ።

ዞርኩ። ያብስራ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የቀኙን ጫማ አድርጓል፤ የግራውን በእጁ ይዟል፣ ገመዱ ተንዘላዝሏል። ከንፈሩ ደርቋል። ዓይኑን ለመግለጥ ይታገል ነበር፤ ግን የሚያየው ገዛኸኝን ነው፣ ሰደርያውን ነው፣ ጠመኔውን ነው።

"እኔን አይጠይቁኝም እንዴ?" አለ።

ቀልድ አልነበረበትም። ቁጣም አልነበረበትም። ሐኪም ቤት ወረፋው የታለፈበት ሰው እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀው።

የገዛኸኝ ጠመኔ አየር ላይ ቆመ። እማዬ እኔን አየችኝ። ጎረቤት ያሉት ሴትዮ ልብስ ማስጣት አቆሙ። ጋሽ ድንበሩን አየኋቸው። አልሳሉም። አፋቸውን ገጥመው፣ ተራው የኔ እንደሆነ ሁሉ፣ በትዕግሥት ያዩኛል።

አፌን ከፈትኩ። "ጠይቀው" ልል ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

የወጣው ሳል ነው።