የጋሽ ቀላል ኪስ

እስቲ ቀና በሉና የቤታችሁን የግድግዳ ሰዓት እዩት። ከቻላችሁ አውርዱትና ጀርባውን ገልብጡት። አንድ ብሎን ጎድሎታል አይደል? እንግዲያው ጋሽ ቀላል እናንተም ቤት ገብተዋል ማለት ነው። አትካዱ። በዚህ ዓለም መብራት ያልገባበት ቤት አለ፣ ውሃ ያልገባበት ቤት አለ፤ ጋሽ ቀላል ያልገቡበት ቤት ግን የለም።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር። "ጋሽ ቀላል" ያላቸው ሰፈሩ ነው፤ የተበላሸ ነገር ባዩ ቁጥር ገና ሳይነኩት "ቀላል ነው" ስለሚሉ። ፍሪጅ ጮኸ? "ቀላል ነው።" ጣሪያ አፈሰሰ? "ቀላል ነው።" አንዴ የጎረቤት ሴት ምጥ ይዟት አምቡላንስ ሲጠበቅ፣ ጋሽ ቀላል እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ "ቀላል ነው" ብለው ቢጠጉ፣ ሴቶቹ ተጋግዘው በሩን ዘጉባቸው። እስከ ዛሬ ድረስ "ልጁ የዘገየው እኔን ስለከለከሉኝ ነው" ይላሉ።

እኚህ የሰፈሩ ጠቅላይ ጠጋኝ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ከዚያ ይዘውት የወጡት እምነት "ንብረት አይጣልም" የሚል ነው። አንድ ነገር ጠግነው ሲጨርሱ ታዲያ ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ የሆነች ነገር ትተርፋለች፤ ብሎን፣ ሞላ፣ ቁራጭ ሽቦ። ያነሷትና በብርሃን ያገላብጧታል። ከዚያ ፍርዱ ይሰጣል።

"ትርፍ ናት። ፋብሪካዎቹ ሲያስገቡ እጃቸው አይቆጠብም።"

ወደ ኮታቸው ኪስም ትገባለች። የዳቦ ጋጋሪው የበር ደወል ከተጠገነ ወዲህ፣ እንግዳ ሲደውል የሚበራው የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ነው። የነርሷ ሬዲዮ የሚያወራው በጎኑ ሲጋደም ብቻ ነው፤ እሷም ዜና በሰማች ቁጥር አንገቷን ማዘንበል ለምዳለች። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ጋሽ ቀላል ግን ለቅልቀውህ ሲያበቁ መሐረብ የሚያቀብሉህም እሳቸው ናቸውና መቆጣት ያስቸግራል።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ጋሽ ቀላል የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። የስፌት መኪናዋን ከእጃቸው ለማዳን በጨርቅ ጠቅልላ "ዛሬ አሟታል ጋሼ፣ ተኝታለች" እስከማለት ደርሳለች። ያልጠረጠረችው ከሱቁ ጓዳ፣ ከገበር ጥቅልሎቹ አጠገብ የተቀመጠውን አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ያ ኮምፒውተር ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። በላዩ ያለው ብሮውዘር፣ ያ ኢንተርኔቱን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ዕድሜው ጥርስ ካወለቁት ወገን ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ለአንድ ገጽ ብላ ታኖረዋለች። ታላቅ እህቷ፣ ሙያውን ያስተማረቻት፣ በሕይወት ሳለች የሠራችው ገጽ ነው። በውስጡ የራሷ ፈጠራ የሆነው የሙሽራ ቀሚስ አቆራረጥ፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው፣ በራሷ አንደበት ተጽፏል። እህቷ ገጹን በሠራችበት ዘመን ፊደላችን በኮምፒውተር ዓለም ገና መታወቂያ አልወጣለትም ነበር፤ ሁሉም በየጓዳው የየራሱን ፎንት ይሠራ ነበር። እሷም የጻፈችው በዚያ ዘመን በወጣ አንድ ፎንት ነው። ፎንቱ ባለበት ማሽን ገጹ ይናገራል። በሌለበት ባዶ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። ፎንቱ የቀረው ደግሞ በዚያ በሚያጓራው ማሽን ላይ ብቻ ነው።

አሁን አንዱ ብልጥ አንባቢ "ታዲያ ለምን ወረቀት ላይ አልገለበጠችውም?" ይላል። አንተስ የእናትህን ድምፅ ቀድተህ አስቀምጠሃል? እንግዲያው ዝም በል። ሌላው ደግሞ "ለምን አዲስ አትገዛም?" ይላል። ይሄ ሰው ነው ዓለምን ያበላሸው። አዲሱን ብሮውዘር ለሚሠሩትማ በአሮጌ ማሽን የሚኖር ሰው ሰውም አይመስላቸው፤ ትናንት የተጻፈውን ዛሬ ሳጥን አድርገውት፣ ከላይ "እንኳን ደህና መጡ" ብለው ይጽፉልሃል።

ወደ ነገራችን። የሟቿ ልጅ ልታገባ ሆነ። ሠርጉ የሚመጣው እሑድ ነው። ልጅቷ አክስቷን የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"አክስቴ፣ የእናቴን ቀሚስ። እሷ የሰፋችው ካልሆነ፣ እሷ ባለችው መንገድ የተሰፋውን።"

ጨርቁ መጣ፤ እንደ ወተት የነጣ፣ ሁለተኛ የማይገኝ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል፣ ጠመኔዋን ጆሮዋ ላይ ሰካ አድርጋ ገጹን ልታነብ ወደ ጓዳ ገባች። ከፈተችው። ሳጥን። ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ተደረደረ ሸክላ፣ ሳጥን ብቻ።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ባለፈው ሰሞን እሷ የደንበኛ ልኬት ስትወስድ፣ ጋሽ ቀላል ጓዳ ገብተው "ይሄ ማሽን ሆዱ ሞልቶ ነው የሚያቃስተው፤ ላጽዳልሽ፣ ቀላል ነው" ብለው ነበር። እሷም መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለነበር አልመለሰችም። ዝም ማለቷን እንደ ፈቃድ ቆጠሩት።

አስጠራቻቸው። መጡ። ኮታቸው በየኪሱ ኳ ኳ እያለ መጡ።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉት?"

"ምን ሆነ? አሃ። ቀላል ነው።"

በመጀመሪያ ሪስታርት አደረጉት። ሳጥኖቹ ተመልሰው መጡ። "ፊደሉ አንሶ ነው የማይታየው" ብለው መጠኑን ከፍ አደረጉ፤ ሳጥኖቹ ሰፉ። "አየሽ? አሁን ቢያንስ ጥራት አለው" አሉ። ስክሪኑን በገበር ቁራጭ ወለወሉት። ገመዱን ነቅለው እፍ አሉበት። ከዚያ ጀርባውን ከፍተው ውስጡን ገረመሙትና ገጠሙት። አንዲት ብሎን ጠረጴዛው ላይ ቀረች። ልብስ ሰፊዋ አይታ ዓይኗን ጨፈነች።

ቀጥሎ ከብሮውዘሩ ጥግ የቋንቋ መቀየሪያውን አገኙት። ነካ አደረጉ፤ ገጹ ግሪክኛ ሆነ። ነካ፤ ሩሲያኛ ሆነ። የእህቷ ቀሚስ የዓለምን አንደበት ሁሉ ተራ በተራ ሞከረ፤ የገዛ ቤቱን ቋንቋ ብቻ እምቢ አለ። አንድ ቦታ ላይ ጋሽ ቀላል ቆም ብለው ፈገግ አሉ።

"ጃፓንኛ ሆኗል። እየቀረብን ነው።"

"ወዴት ነው የምንቀርበው ጋሼ?"

"አንቺ ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ትወጃለሽ። ሥራ እኮ በትዕግሥት ነው።"

አዲስ ብሮውዘር ሊጭኑ ሞከሩ፤ ማሽኑ "አርጅቻለሁ፣ አልችልም" የሚል መልእክት ሰጣቸው። ጋሽ ቀላል ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። "ማርጀትና አለመቻል ምን አገናኘው?" ብለው ስክሪኑ ላይ ጮኹበት። በመጨረሻም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ወንበር ስበው ሳጥኖቹን ማንበብ ጀመሩ።

"እዚህ ጋ ሦስት ሳጥን ነው። ስለዚህ 'ወገብ' ማለት ነው። ወገብ ላይ ቁረጪ ነው የምትልሽ።"

"'ደረት'ም ሦስት ነው።"

"እ..." አሉ። "ከወገብና ከደረት አንዱ ነው እንግዲህ። አጠበብነው እኮ!"

"ጋሼ!" ጠመኔው ከጆሮዋ ወደቀ። "አንድ ጊዜ ከተሳሳትኩ ሁለተኛ ጨርቅ የለኝም! ደረቷ ላይ ወገብ አውጥቼ ላጋባት? አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። በሕይወትዎ አንድ ጊዜ 'አላውቅም' ይበሉ! አይገድልም! ሰው 'አላውቅም' ብሎ ሞቶ አያውቅም!"

የጋሽ ቀላል  እጅ በልማድ ወደ ብሎኗ ሄደ፤ ከመድረሱ በፊት ተመለሰ። በዚህ መሐል ሙሽሪት ገባች። ጩኸቱን ከውጭ ሰምታለች። የተዘረጋውን ጨርቅ አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ሁለቱን አየች።

"ግድ የለም አክስቴ" አለች፣ ግድ እንዳለው በሚያስታውቅ ድምፅ። "የተሰፋ እንከራያለን። ሁሉም ሰው የሚለብሰው እሱን አይደል?"

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ በጣቷ አንዷን ሳጥን ነካች።

"ስታወራኝ አፏን በእጇ የሸፈነች መሰለኝ" አለች።

 ማሽኑ ብቻ ያጓራል። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ጥቅልሎቹ አዞረች። ጋሽ ቀላል መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ፣ ደግመው አወለቁ። በመጨረሻ፣ የሚናዘዝ ሰው በሚያወራው ድምፅ፣

"አላውቅም" አሉ።

ሁለቱም ዞሩ።

"ምን እንደነበረች አላውቅም። ያን ቀን ሳጸዳ አንዲት ፋይል አገኘሁ። ስሟ የማይነበብ፣ ፊደሉና ቁጥሩ የተደበላለቀ። ነካኋት፣ አትከፈትም። ዝም ብላ ቦታ ይዛ ተቀምጣለች። እኔም... ትርፍ ናት አልኩ።"

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ቀረበቻቸው። "ጣሏት?"

ጋሽ ቀላል ቀጥ አሉ። በዚያ ሁሉ ውርደት መሐል እንኳ የንብረት ክፍል ሰው ናቸው።

"እኔ? እኔ ንብረት የምጥል ሰው ነኝ?"

ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ወጡና ኪሳቸውን ማራገፍ ያዙ። ነጩ ጨርቅ ላይ እንዳይሆን ሙሽሪት ሮጣ ገበር አነጠፈች። ብሎኖች። የሬዲዮ ሞላ። የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሰዓት ቀስት። የዳቦ ጋጋሪው ደወል አካል ሳይሆን የማይቀር የመዳብ ቁራጭ። ከሁሉ ሥር፣ በጥቁር ክር የታሰረች ፍላሽ። ማሽኑ ላይ ሰኳት። በውስጧ ፎልደሮች ተደርድረዋል፤ "ትርፍ ከዳቦ ጋጋሪው"፣ "ትርፍ ከነርሷ"፣ "ትርፍ ከልብስ ሰፊዋ"። ሰውየው የሰፈሩን ኮምፒውተር ሁሉ አጽድተዋል፤ ከእያንዳንዱም ያወጡትን አንዳች ሳይጥሉ፣ ልክ እንደ ብሎኖቹ፣ በየባለቤቱ ስም አስቀምጠዋል።

ያቺ ስሟ የማይነበብ ፋይል እዚያ ነበረች፤ ለካ ፎንቱ እሷው ናት። ሙሽሪት ወደ ነበረችበት የፎንቶች ማስቀመጫ መለሰቻት። ማሽኑ ጠፋ፣ በራ፣ አጓራ፣ አሰበ። ገጹ ተከፈተ። ፊደሉ፣ እግሩ ቀጠን ራሱ ሞላ ያለው የድሮው ፊደል፣ ቦታ ቦታውን ያዘ።

ሙሽሪት ጮክ ብላ አነበበች፦

"'እጅሽን ታጥበሻል? እንግዲያው መቀሱን አንሺ። ጨርቅ እንደ ውሻ ነው፤ የፈራውን ሰው ያውቃል።'" ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። "እናቴ ናት" አለች። "በቃ እሷው ናት።"

ልብስ ሰፊዋ ጠመኔዋን ከመሬት አነሳች፣ እጇን ታጠበች፣ መቀሱን ያዘች። መቼም ነገርን ከሥሩ ነው፤ መጀመሪያ ግን ሙሽሪትን አስቀምጣ ገጹን በሙሉ ወረቀት ላይ አስገለበጠቻት። ወገቡም ወገብ፣ ደረቱም ደረት ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ቀላል ያነበቧቸው ሦስት ሳጥኖች በነበሩበት ቦታ ደግሞ፣ ለታሪክ እንዲቀመጥ ልንገራችሁ፣ የተጻፈው "ክንድ" ነበር፤ እሱም ሦስት ፊደል ነው።

ጋሽ ቀላል ንብረታቸውን ወደየኪሱ መልሰው በቀስታ ወደ በሩ አመሩ። ደፉ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

"ቀላል አልነበረም" አሉ።

እንዲህ ሲሉ የሰማቸው ሰው ከዚያ በፊት የለም። ወጡ። ልብስ ሰፊዋ መቀሱን እንደያዘች ዓይኗ ከማሽኑ አጠገብ አረፈ። ከጀርባው የተረፈችው ብሎን እዚያው ነበረች። ሳያነሷት ነው የሄዱት። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የያዘውን እምነት ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሲሄድ ማየት ከባድ ነው። በስፌት መኪናዋ ምክንያት የዋሸቻቸውን ሁሉ፣ በደወሉና በሬዲዮው የሳቀችውን ሁሉ አሰበች። ብሎኗን አንስታ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ፣ መንገዱ ድረስ ሮጠች።

"ጋሼ! ጋሼ ይቁሙ! ትርፏን ረስተዋታል!"

ጋሽ ቀላል ቆሙ። መዳፏን አዩ። ብሎኗን ተቀበሉ፣ ወደ ብርሃን አንስተው አገላበጧት፣ ፍርድ ሳይሰጡ ኪሳቸው ከተቷት። ሲሄዱ ኮታቸው ኳ ኳ ይላል፤ ያ ሁሉ የሚያንኳኳው የሰፈሩ ሁሉ ንብረት ነው።

እሑድ ቀሚሱ ተለብሷል። እናንተ ግን አሁን ስለ ቀሚሱ ሳይሆን ስለ ሰዓታችሁ አስቡ። ያቺ የጎደለችው ብሎን አልጠፋችም፤ የት እንዳለች ታውቃላችሁ። ነገ የናንተው ጋሽ ቀላል በራችሁን አንኳኩተው "ቀላል ነው" ሲሉ፣ ከፈለጋችሁ ማሽናችሁን ደብቁ፣ ከፈለጋችሁም ተቆጧቸው። ሲወጡ ግን፣ እባካችሁ፣ ኪሳቸውን አትፈትሹ።