የጋሽ መኩሪያ አንቀጽ አራት

እድር ባለበት ሁሉ አንድ ደንብ አርቃቂ አይጠፋም። ሦስት ሰው ቆሞ ካየ ሊቀመንበር ያስመርጣል፤ አራተኛው ከመጣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። የባሕር ማዶው የፌርፋክስ ሰፈር እድር ጸሐፊ፣ ክቡር ጋሽ መኩሪያ፣ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። የእድሩ ትልቅ ድስት ያለ ክዳኑ እንዳይወጣ፣ ክዳኑም ያለ ድስቱ እንዳይመለስ የደነገጉት እሳቸው ናቸው። “ሰው ያልፋል፣ ደንብ ይቀራል” ይላሉ።

ሚድ ሲቲ ሰፈር ባለው አፓርትማቸው ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃቸው ከልዩ ጋር የሚኖሩትም በጽሑፍ ነው። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ከግርጌው ካረፈች አምስት ዓመት ያለፋት የሚስታቸው የወይንሸት ፊርማ አለ። አንቀጽ አራት፦ “ሴት ጓደኛ ማደር ትችላለች። ወንድ ግን፣ ፍሬአብን ጨምሮ፣ በፍጹም።” ፍሬአብ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ልጅ ነው፤ ጥፋቱ ወንድ መሆኑ ብቻ ነው።

ታዲያ በፋሲካ ሰሞን መኪናቸውን ፓርክ ሲያደርጉ ልዩ፣ “አባዬ፣ እኔ ጌይ ነኝ” አለቻቸው።

ጋሽ መኩሪያ ሞተሩን አጠፉ። መልሰው አስነሱት። እንደገና አጠፉት።

“ልጄ ነሽ” አሉ በመጨረሻ። “ምሳ በልተሻል?”

ሦስት ቀን በሰላም አለፈ። በአራተኛው ቀን ወተት ሊያወጡ ሲሉ አንቀጽ አራትን አነበቡና ክው አሉ። አንቀጹን ሰርዘው እዚያው ቆመው ሌላ አረቀቁ፦ “ሴት ማደር ክልክል ነው።”

“ሶ፣ ፍሬአብ ማደር ይችላል?” አለች ልዩ።

“ወንድ? እኔ ቤት?”

“ደንቡ እኮ ነው፣ አባዬ።”

እስክሪብቶአቸውን እንደገና መዘዙ፦ “ማንም አያድርም።”

ዓርብ በሩ ተንኳኳ። ሮሐ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ሳሎናቸው የምታድር የልዩ ጓደኛ። ትራሷን ታቅፋ አዲሱን ደንብ አነበበች።

“ጋሼ፣ እኔንም? የልዩን ካልሲ ያሸተተ ሰው እኮ አያፈቅራትም!”

“አፍሽን ዝጊ!” አለች ልዩ እየሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። ወደ አባቷ ዞረች። “አባዬ፣ ሳልነግርህ በፊት ጓደኞቼ ያድሩ ነበር። እውነቱን ስነግርህ ቤታችን ባዶ ሆነ። ባልናገር ይሻለኝ ነበር?”

ጋሽ መኩሪያ ወረቀቱን ቀስ ብለው ነቀሉት፤ ፊርማው እንዳይነካ ገልብጠው በጀርባው ጻፉ፦ “ጓደኛ ያድራል፤ ሳሎን። ልዩ የወደደቻት ልጅ ካለች እራት ትጋበዛለች፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በክብር ትሸኛለች።”

“የትኛዋ ጓደኛ፣ የትኛዋ የወደድኳት እንደሆነች በምን ታውቃለህ?”

“ትነግሪኛለሽ። ከባዱን ነግረሽኝ የለ?”

ልዩ ሮሐን አየት አደረገቻት። “እንግዲያው... ሣራ የምትባል ልጅ አለች። ከቶራንስ ከተማ።”

ሮሐ ትራሷን ወደ ላይ ወርውራ እልልታዋን አቀለጠችው። ጋሽ መኩሪያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

“ቃሪያ ትችላለች?”

ሣራ ቅዳሜ መጣች። ቃሪያውን እንባዋ እየወረደ ጨረሰችው። ጋሽ መኩሪያም ልዩ በአራት ዓመቷ እንግዳ እንዳይሄድባት ጫማ ትደብቅ እንደነበር ማውራት ጀመሩላት፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

“አባዬ፣ በቃ!” አለች ልዩ ፊቷን በእጇ ሸፍና። “ደግሞ ሦስት ሰዓት አለፈ።”

ሣራ ብድግ አለች። በዕድሜያቸው አንድ ስብሰባ ከሰዓቱ አሳልፈው የማያውቁት ጸሐፊ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብለው አዩት።

“ይሄ ሰዓት ይቀድማል” አሉ። “ቁጭ በይ፣ ሣራዬ።”