ፀጉር ቤቱን ነፃ የማውጣት ታላቅ ዘመቻ

ለሌላው ሕዝብ ጦር የሚላክለት ጠላት ሲመጣበት ነው። ለእኛ ግን ጠላት ሳይመጣብን፣ ገና ለገና ይመጣ ይሆናል ተብሎ፣ ከነብረት ለበስ መኪናው ተልኮልናል። እንዲህ የታሰበለት ሕዝብ ካለ ይጠቆመኝ።

ነገሩ የተጀመረው በቦኖ ውሃ ነው። ውሃው ጠፍቶ ሰነበተና እናቶች ባዶ ጀሪካናቸውን እየደበደቡ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ሊቀመንበራችን አስተዋይ ሰው ነውና ችግሩን ለሁለት ከፍሎ አየው፤ የውሃው መጥፋት አንድ፣ የጀሪካኑ መጮህ ሁለት። ውሃውን ማምጣት ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ጩኸቱን መረጠ። "የተደራጀ ኃይል ተነስቷልና ጦር ይላክልን" ብሎ ለበላይ አካል ደወለ።

ጦሩ ሳይውል ሳያድር ደረሰ። ብረት ለበሱ ሲገባ ዋናው ቧንቧ ላይ ወጥቶ አፈነዳው፤ ያን ቀን መንገዱ ሁሉ ውሃ በውሃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚባል ነገር ስለሌለ ስለ ውሃ የሚጮህም የለም። ሰላም ማለት ይኸው ነው።

ወዲያው በድምፅ ማጉያ መመሪያ ተነገረን። "የመሰብሰብ መብታችሁ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከሦስት ሰው በላይ ሆኖ መገኘት ክልክል ነው።" መዋሸት አይገባኝም፣ መብታችን በደንብ ተጠብቋል። በየማዕዘኑ ጠመንጃ ይዘው ሲጠብቁት በዓይኔ አይቻለሁ።

ሊቀመንበሩን በክፉ የማነሳው እንዳይመስላችሁ። አብሮ አደጌ ነው። አብረን ነው የተማርነው፤ ማለት እኔ መምህሩን እያየሁ፣ እሱ ከኋላዬ ሆኖ የእኔን ወረቀት እያየ። እኔ ስምንተኛን ሳልጨርስ ቀረሁ፣ እሱ ጨረሰ። ለጽሕፈት ቤቱ በረኛነት ሳመለክት "ትምህርትህ አይበቃም" ያለኝም እሱ ነው። በሕዝብ ስብሰባ ላይ እጄን ባነሳ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ "አንተ ቁጭ በል፣ ጊዜ የለንም" አለኝ። ይህን ሁሉ ረስቼዋለሁ።

የእህቴ ባል ፀጉር አስተካካይ ነው። ቤተሰቡ ሬዲዮ ይለዋል፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። ፀጉር ቤቱ እግር የማያዘረጋ ጠባብ ክፍል ነው። ቢሆንም ደንበኛ አንገቱን ሳይጠመዝዝ ማጅራቱን እንዲያይ ብላ፣ እህቴ የአንገት ወርቋን ሸጣ ሁለት ግድግዳ ሙሉ መስታወት አስገጠመችለት። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ትይዩ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ራሱን ከራሱ ኋላ፣ ደግሞ ከዚያም ኋላ እያየ ዓይኑ እስኪደክም ይሄዳል። ልጆቻቸው የሚበሉት ከእነዚያ መስታወቶች ነው።

ጦሩ በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሊቀመንበሩ ለጦሩ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ሊያደርግ ስለነበር ሊላጭ መጣ። "እንደ ሙሽራ አድርገኝ" ብሎ ወንበሩ ላይ ተንፈላሰሰ። እኔ አግዳሚው ላይ ተራ እጠብቃለሁ። ሌላ ደንበኛ ብቅ ቢል ሬዲዮ "ውጭ ጠብቅ ወንድሜ፣ በመመሪያው መሠረት ሞልተናል" ብሎ መለሰው።

"መመሪያ ማክበር እንዲህ ነው!" አለ ሊቀመንበሩ ከአረፋው ሥር።

ከመንገዱ ማዶ ጥበቃ ላይ የነበረ ወታደር የሩቅ ማያ መነጽሩን በመስኮቱ በኩል ወደ እኛ አዙሮ ኖሯል። ከሻለቃው ጋር በመገናኛ የተነጋገሩትን በኋላ ከራሱ አፍ ሰምቼዋለሁ።

"ጌታዬ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስብሰባ አለ።"

"ስንት ናቸው?"

"መጨረሻቸው አይታይም።"

"እዚያች ቁም ሣጥን የምታክል ክፍል ውስጥ?"

"እኔም ገርሞኛል ጌታዬ። ረድፍ በረድፍ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ዋሻ ሳይኖረው አይቀርም።"

"መሣሪያስ?"

"ስለት። በየረድፉ አንዳንድ ሰው ምላጭ ይዟል። እኩል ያነሳሉ፣ እኩል ያወርዳሉ።"

"ሥልጠና ላይ ናቸዋ! መሪ አላቸው?"

"ነጭ ጨርቅ ለብሶ መሀል ተቀምጧል። ፊቱን በነጭ ነገር ሸፍኗል።"

"ማንነቱን ሊደብቅ ነው። ጠብቀኝ፣ መጣሁ!"

የሊቀመንበሩ ቀኝ ጉንጭ ተላጭቶ ግራው ሊጀመር ሲል በሩ ተበረገደ። "እጅ ወደ ላይ!" እኔም አነሳሁ። ያነሳሁት እጅ መንግሥት ዘንድ ተቀባይነት ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ወታደሮቹ ገብተው ቀና ሲሉ፣ ከፊትም ከኋላም ስፍር ቁጥር የሌለው ጠመንጃ ተደግኖባቸዋል። "መሣሪያችሁን አስቀምጡ!" አለ ሻለቃው። የዚያኛው ወገን ሻለቃም እኩል አፉን ከፈተ። ማንም አላስቀመጠም። "እምቢ አሉ! ተኩስ!"

እኛ ወለሉ ላይ ተለጠፍን። ሲበርድ ጠላት አንድም አስከሬን ሳይተው ተደምስሷል። ከወገን በኩል ጉዳት የደረሰው በእህቴ ወርቅ ብቻ ነው። ሬዲዮ ስብርባሪው መሀል ቆሞ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

እህቴ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች። "ኧረ መስታወቴን! ኧረ የልጆቼን ጉሮሮ!"

"አይዞሽ እናት፣ ነፃ አውጥተናችኋል" አለ ሻለቃው።

"ከማን?"

"እየተጣራ ነው።"

ሊቀመንበሩ አረፋውን በእጅጌው ጠርጎ ብድግ አለ። "ጌታዬ፣ እኔ ነኝ! ጦሩን ያስጠራሁት እኔ ነኝ!"

"ይህ ሁሉ ምንድን ነው? ስንት ሰው ነበረ እዚህ?"

ሊቀመንበሩ ስብርባሪውን አየ፣ እኛን አየ። ሦስት ብሎ ቢመልስ ዘመቻው በማን ላይ ሆነ ሊባል ነው። ደረቱን ነፋ። "ሺህ ይሆናሉ ጌታዬ። አግተውኝ ነበር። መሪያቸው እሱ ነው!" ብሎ ጣቱን ሬዲዮ ላይ ቀሰረ።

"ዓይንህን በጨው የታጠብክ!" አለች እህቴ። "እንደ ሙሽራ አድርገኝ ብሎ የሚቀመጥ ታጋች የት አገር አለ?"

ሻለቃው ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር። "ሺህ ሰው በአንተ ከተማ ሲሠለጥን አንተ የት ነበርክ?"

"እዚሁ... ወንበሩ ላይ..."

"ከፊታቸው ተቀምጠህ?"

"አይ፣ አይ! አፌን አዳልጦኝ ነው። ሦስት ነን ጌታዬ፣ ሦስት ብቻ!"

"ብረት ለበስ ያስመጣኸው በሦስት ሰው ላይ ነው?"

ሊቀመንበሩ ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ እንኳ ንገራቸው እንጂ ወንድሜ! አብሮ አደግ አይደለን?"

በመጨረሻ ዕድል ተሰጠኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ሦስት ነበርን ጌታዬ። የእህቴ ባል የሠራው ወንጀል ጢም መላጨት ነው።"

"ጠመንጃ የደገነብን ማን ነው ታዲያ?"

"እናንተው። መስታወት ነው።"

ወታደሮቹ ሳቃቸውን አፍነው መሬት መሬት አዩ። ሻለቃው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ከራሱ ጋር ተዋግቶ ማሸነፉን ማመን፣ ወይም እኛን ማሰር። ለወታደራዊ ውሳኔ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሬዲዮ ጠላትን በማባዛት፣ እኔ ሠራዊቱን በማዋረድ፣ ሊቀመንበሩ በሺውም በሦስቱም፣ ያ ምስኪን ወታደር ደግሞ ከሚገባው በላይ በማየት፣ አራታችንም ታሰርን።

እስር ቤቱ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ስንገባ ጢም ብሎ ሞልቷል። አውቶቡስ ሲጠብቁ የተያዙ አሉ፣ የታመመ ሲጠይቁ የተያዙ አሉ፣ አንድ አባት ከወንዶች ልጆቹ ጋር ምሳ ላይ ተይዟል። የጀሪካን እናቶች ከግድግዳው ወዲያ ናቸው። ሁሉም ጥፋቱ ከሦስት መብለጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ በከተማችን ከሦስት በላይ ሆኖ መሰብሰብ የተፈቀደው እዚህ ብቻ ነው። የልብን መናገርም እንደዚሁ፤ ከዚህ በላይ የት ያስገቡናል? ሬዲዮ ድምፁ ተመልሶለት ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። የሚያቆመው እህቴ ምግብ ይዛ በር ላይ ስትደርስ ብቻ ነው። ፀጉር ቤቱ ታሽጓል፤ ያንን አንስተን አናወራም።

ሊቀመንበሩ ግራ ጉንጩ ጎፍሯል፣ ቀኙ ገና ማቆጥቆጡ ነው። "ጨርስልኝ እንጂ" ብሎ ሬዲዮን ይለምነዋል።

"ምላጭና መስታወት እኮ እዚህ ክልክል ነው ጌታዬ" ይለዋል ሬዲዮ በትሕትና። "መጋዘኑን እስር ቤት ብለው ሲመርቁ ደንቡን ያነበቡልን እርስዎ ነበሩ።"

መስታወት ስለሌለው በየጠዋቱ መሀል ላይ ቆሞ "ምን እመስላለሁ?" ይለናል። እኛም በስብሰባ ሥርዓት መሠረት እጃችንን እናነሳለን፣ እሱም ዕድል ይሰጣል። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። አላሳጥርም። ጊዜ ሞልቶናል።