ጦስኝ የሸተተ ምራቅ

ነበር ካሉ ነበር ነው። ፈጣሪ ለእንስሳት ምላስ አውሷቸው ገና መልሶ ባልተቀበላቸው ዘመን፣ ጨው በሚወጣበት ቆላ ግመሎች ይኖሩ ነበር። ከቆላው መካከል አንድ አምባ ብቻውን ቆሟል። በአምባው ላይ ሰሶች ሰፍረዋል። ሰስ ማለት ከፍየል የምታንስ፣ በሰኮናዋ ጫፍ ገደል ላይ የምትቆም፣ ኮሽ ባለ ቁጥር የምታፏጭ ፍጥረት ናት።

ግመልና ሰስ አያታችን አንድ ነው ይላሉ። ከአንድ አያት ያ ሁሉ አንገትና ያቺ ድንክ ቁመት እንዴት እንደወጡ አያትየው ያውቃል። ታሪኩን ግን ሁለቱም ወገን ለልጆቹ ይነግራል፤ ሁለቱም "አምባውን ያወረሰው ለእኛ ነው" ብሎ ይጨርሳል።

ከአምባው ግርጌ አንድ ሽማግሌ ኤሊ ጉድጓድ ነበረው። ሰሶች የዘብ መቆሚያ ሲያበጁ ቋጥኝ አንከባለው ግማሹን ደፈኑበት። ግመሎች "የወንድማችንን ቤት እናስመልሳለን!" እያሉ እየፎከሩ መጡ። መንገዱ አድክሟቸው ስለነበር በቀረው ግማሽ ላይ ተንበረከኩበት። ኤሊ ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ መዞር የጀመረው ያን ጊዜ ነው ይባላል።

ከዚያ ወዲያ ግመሎች ማሉ። ኤሊ ጉድጓዱን እስኪያገኝ ድረስ ከሰሶች ጋር ሰላምታ የለም፤ ጨው የለም፤ ስማቸውንም የሚጠራ የለም። አምባው እንኳ ስሙን አጣ። "ያ ቦታ" ይሉታል። በየዓርቡ ደግሞ አደባባይ ወጥተው፣ ፊታቸውን ወደ "ያ ቦታ" አዙረው፣ በአንድ አፍ እንትፍ ይላሉ። ምራቁ የመንገዱን ሩብ አይደርስም። ነፋስ የመለሰው እንደሆነም የሚያርፈው በገዛ ጢማቸው ላይ ነው። ቢሆንም ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ከሕግ ይጠናል።

ሰሶችም የራሳቸው ልማድ ነበራቸው። ከአሥሩ ዘጠኙ ዘብ ይቆማሉ፤ የቀረው አንዱ ዘበኞቹን ይጠብቃል። የግመል ጥላ ባዩ ቁጥር ያፏጫሉ። ጥላው የደመና ሆኖ ሲገኝ "ደመናውም ቢሆን ሻኛ ነበረው" ይላሉ እንጂ አያፍሩም።

ከግመሎች ሁሉ አርቆ የሚተፋው አያ ሐሩር ነበር። አውራቸው አባ ሻኛ ዓርብ በመጣ ቁጥር "አያ ሐሩር፣ ቅደም!" ይለዋል። እሱም ደረቱን ነፍቶ ይቀድማል። ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ በዚህች ግን ይከበርባት ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። የግመሎች የውሃ ጉድጓድ ጭቃ ሆነ፤ ጭቃውም ደርቆ ተሰነጠቀ። ዓርብ ደረሰና ግመሎች እንትፍ ቢሉ የወጣው ነፋስ ብቻ ሆነ። አባ ሻኛ ደንግጦ ጉባኤ ጠራ።

"ወገኖቼ፣ ትልቅ መከራ ላይ ነን" አለ። ሁሉም ስለ ውሃ ሊናገር ነው ብለው ጆሯቸውን አቆሙ። "ምራቅ አለቀብን! ያ ቦታ ምን ይለን?"

ጉባኤው ሲመክር ዋለ። በመጨረሻም ምራቅ እንዲጠራቀም ሳምንቱን ሙሉ ማንም እንዳያወራ ተወሰነ።

አያ ሐሩር ቤቱ ሲገባ ባለቤቱን ለምለሚትን ተኝታ አገኛት። ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ግልገሉ ጡቷን ይስባል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይስባል።

"ምን ወሰናችሁ?" አለችው።

"ዝም እንድንል።"

"ዝምታ ይጠባል እንዴ? ጡቴ ደርቋል፣ አንተ ሰው! ልጄ እስከ ዓርብ አይደርስልኝም።"

ሐሩር መሬት መሬት አየ። "ውሃ ከየት ላምጣ?"

ለምለሚት አንገቷን ምንጭ ወደማይደርቅበት አምባ አዞረች።

"እኔ? እኔ ሐሩር? ፊት ቆሜ የምተፋው?"

"እስቲ ተፍተህ ያሳደግኸው ልጅ ካለ አሳየኝ።"

"ቢያዩኝ ወደ በረሃው ጨው ሜዳ ነው የሚያባርሩኝ። ከዚያ የተመለሰ ግመል የለም፣ ለምለሚት።"

"አንተን ሲያባርሩህ ልቅሶ እቀመጥልሃለሁ። ይሄ ሲሞት ግን ለማን እነግራለሁ? እንዳናወራ ተወስኗል አይደል?"

ሐሩር ተንበርክኮ ወደ ፈጣሪው ጸለየ። "ጌታዬ፣ ወይ ዝናቡን ላክ፣ ወይ እኔን ሸፍነኝ" አለ። ሰማዩን ቢያየው ደመና የለም። ሁለተኛውን ሰምቶኛል ብሎ ተነሣ። ቀትር ላይ፣ ግመል ሁሉ ሲያንጎላጅ፣ አንድ አሞሌ ጨው በጉንጩ ሸጉጦ ወጣ።

ገና ከአምባው ግርጌ ሲደርስ ከላይ ፉጨት በፉጨት ሆነ። ሐሩር ከአንዲት ቁጥቋጦ ኋላ ተሸሸገ፤ የተሸሸገው ግን እግሩ ብቻ ነበር። የምንጩ ጠባቂ እመት ቋጥኜ የምትባል ሰስ ከድንጋይ ድንጋይ እየነጠረች ወረደች።

"ማን ነህ?"

"መንገደኛ ነኝ።"

"መንገደኛ ነኝ ይላል እንዴ! አያ ሐሩር አይደለህ? ዓርብ ዓርብ ፊት የምትቆመው?"

"ታውቂኛለሽ?"

"እንዴት አላውቅህም! ልጆቻችን ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ የሚማሩት ያንተን እንትፍታ እያዩ ነው።"

ሐሩር አፈረ። ጨዉን ከጉንጩ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አኖረው። ቋጥኜ ምላሷ ሳታዝዘው ወጣ፤ ቶሎ ብላ መለሰችው።

"ጨውስ ደግ አመጣህ። ካየነው ቆየን። ጉልበታችን ዝሎ ፉጨታችን ሁሉ ጉንፋን የያዘው መስሏል። ነገር ግን ውሃው በጨው ብቻ አይገኝም። አሁን የቆምህበትን ቦታ ስም ጥራልኝ።"

"ያ ቦታ" አለ ሐሩር።

"ያ ቦታ ውሃ የለውም።"

"እሺ፣ ይሄ ቦታ።"

"ይሄም ቦታ የለውም።"

"የ... የድንጋይ ላይ ዘመዶች መንደር።"

"ዘመዶች ማለትህስ ደግ ነበር። ስማችን ግን እሱ አይደለም።"

የሐሩር አባት ያልጠራው ስም ነው። አያቱም አልጠራውም። ከዚያ ግልገሉ ጡት ሲስብና ሲለቅ ታየው።

"የሰሶች አምባ" አለ።

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አልወደቀም።

ቋጥኜ መራችው። ምንጩ ጦስኝ ከበቀለበት ድንጋይ ሥር ይፈልቃል፤ ውሃውም ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። ሐሩር ከመጠጣቱ በፊት እግሩንና አፉን አስቀድሞ ታጠበ።

"አንተም ታጥበህ ነው የምትጠጣው?" አለች ቋጥኜ።

"የአባቶቻችን ሥርዓት ነው።"

"የኛም ነው። ከከርከሮ ጋርስ አንድ ኩሬ ትጠጣለህ?"

"ኧረ ይቅር ይበለኝ! እሱስ አይደረግም።"

"እኛም ዘንድ አይደረግም።"

ተያዩ። ሁለቱም ደንገጥ አሉ። ጠላት መስሎ የኖረ ዘመድ ሆኖ ሲገኝ ያስደነግጣል።

"አደራህን" አለች ቋጥኜ ሲሄድ። "ለግመል ውሃ አጠጣች ካሉኝ የኛዎቹ ከገደሉ አፋፍ አያሳድሩኝም።"

"የኔዎቹስ እኔን መች ያሳድሩኛል? አደራው የሁለታችን ነው።"

ሲወርድ ከመንገዱ ዳር ኤሊን አገኘው።

"ጠጣህ፣ አያ ሐሩር?"

"አየኸኝ እንዴ? እባክህ አያ ኤሊ፣ ለማንም እንዳትናገር!"

"ቀርፋፋ ስለሆንኩ ሁሉም በአጠገቤ ያልፋል። የማየው ብዙ ነው፤ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?"

ሐሩር ወደ ቤቱ ቸኩሎ ነበርና ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቀውም።

ሐሩር ቀትር ለቀትር እየተመላለሰ ውሃውን በጉንጩ ይዞ ለለምለሚት አቀበላት። የለምለሚት ጡት አጋተ። ግልገሉ ቆመ፤ መዝለልም ጀመረ።

ዓርብ ደረሰ። ግመሎች ሳምንቱን ዝም ብለው ከርመው አደባባዩን ሞሉት። አባ ሻኛ "አያ ሐሩር፣ ቅደም!" አለ። ሐሩር ወደ ፊት ወጣ። እንደ ሌላው ነፋስ ብቻ ለማውጣት አስቦ ነበር፤ ልማድ ግን ክፉ ነው፣ አንገቱን ሰብቆ ከልቡ ተፋው። ምራቁ እንደ ድሮው በረረ፤ እንዲያውም ከድሮው ራቀ። ወዲያው አደባባዩ ጦስኝ ጦስኝ ሸተተ።

በዚያ ቆላ ጦስኝ የሚበቅልበት ቦታ አንድ ብቻ እንደሆነ ግልገል እንኳ ያውቃል።

"ይህ ሽታ ከየት መጣ?" አለ አባ ሻኛ ድምፁን አጥብቆ።

ሐሩር ዘወር ብሎ ለምለሚትን አያት። ግልገሉ በሆዷ ሥር ቆሞ ጭራውን እየወዘወዘ ይጠባል። ከዋሸ ከእንግዲህ ዓይን ስለማይለየው ውሃው ሊቀርበት ነው። ከተናገረም ጨው ሜዳው አለ።

"ከሰሶች አምባ ነው" አለ። "ልጄ የቆመው በሰሶች አምባ ውሃ ነው።"

"ስሙን ጠራ! ስሙን ጠራ! ወደ ጨው ሜዳ!" ብለው ሁሉም በአንድ ላይ ጮኹ። ሲጮኹ ምራቃቸው እንደ ካፊያ ተረጨ። ካፊያውም ጦስኝ ጦስኝ አለ።

ጩኸቱ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። እያንዳንዱ ጎረቤቱን አሸተተ፤ ቀጥሎም የገዛ ጢሙን። አባ ሻኛ "ጸጥታ!" ሊል አፉን ከፈተ። ከሁሉ የበረታው ሽታ የእሱ ሆነ።

አባ ሻኛ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ እንኳ... የሄድኩት ለስለላ ነው" አለ።

"እኔም ለስለላ ነው" አለ አንዱ።

"እኔም።"

"እኔም፤ ባለቤቴም።"

"እንግዲህ" አለ አባ ሻኛ፣ "አገር በሙሉ ለስለላ ከሄደ፣ ስለላ መሆኑ ቀርቶ ወዳጅነት ይባላል።"

ከአምባው በኩልም ነገሩ እንዲሁ ሆነ። የሰሶች ሽማግሌዎች እመት ቋጥኜን ሊከሱ ተሰብስበው ሳለ፣ የከሳሾቹ ጢም ላይ ጨው ተገኘ።

በሳምንቱ ከአምባው ግርጌ ውል ሆነ። ሰሶች ከላይ ወርደው በቋጥኛቸው ላይ ቆሙ፤ ግመሎች ከፊት ለፊታቸው ተንበረከኩ። ጨው ይወጣል፤ ውሃ ይወርዳል ተባለ። የዓርቡስ እንትፍታ? ዝም ብሎ መተው ለአባቶች ነውር መሰላቸው። አባ ሻኛ መላ አገኘ፦ "ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ ይል የለ? ከዛሬ ጀምሮ ምርቃት ነው።" ምራቁ ያው፣ አቅጣጫውም ያው ሆነ። ሰሶችም ዘጠኙን ዘበኞች ሥራ ላለማስፈታት "ፉጨታችን ከዛሬ ጀምሮ እልልታ ነው" አሉ። ሁሉም ደስ አለው።

ኤሊ በማለዳ ተነሥቶ ሲጓዝ ውሎ የደረሰው ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በግመሎች እግር መካከል እየተሽሎከለከ መጣ።

"የኔ ጉዳይ ስንተኛው ላይ ነው ያለው?" አለ።

አባ ሻኛ "ያንተማ በልባችን ነው፣ አያ ኤሊ!" አለው።

የሰሶች ሽማግሌም "በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው ነው" አለ።

አያ ሐሩር ነገሩ ከነከነው። የገዛ ልጁ ጠግቦ ከጎኑ ተኝቷል። ጎንበስ ብሎ "አያ ኤሊ፣ ለመሆኑ ጉድጓድህ በየት በኩል ነበር?" አለው።

"ግማሹ ሰሶች ከቆሙበት ቋጥኝ ሥር ነው" አለ ኤሊ። "ግማሹ አንተ ከተንበረከክህበት።"

ሐሩር ደንግጦ ሊነሣ ጉልበቱን አነሣ። "አትነሣ፣ አያ ሐሩር! የምርቃት ሰዓት ነው፣ ቅደም!" አለ አባ ሻኛ። ግመሎች በአንድ አፍ እንትፍ አሉ። ሰሶች በአንድ አፍ አፏጩ። ነፋሱ እንደ ልማዱ ምራቁን መለሰውና ኤሊ ጀርባ ላይ አራገፈው።

ኤሊ ጦስኙን አሸተተ። ራሱን ወደ ድንጋይ ልብሱ ከመክተቱ በፊት ይችን ብቻ ተናገረ፦

"ስትጣሉ በስሜ ማላችሁ፤ ስትታረቁ በቤቴ ላይ ተቀመጣችሁ።"