የሸምሱ ጥላሸትና የእኔ ስኳር

ከሰነፍ ባለሙያ ይልቅ ሥራውን የሚወድ ባለሙያ ያስፈራኛል። ሰነፍ ልብስ ሰፊ ቢበዛ ቀጠሮ ያፈርሳል፤ ሥራውን የሚወድ ልብስ ሰፊ ግን ያላዘዝከውን ኪስ ይጨምርልሃል። ሥራውን የሚወድ ፀጉር አስተካካይማ «ትንሽ ብቻ አሳጥርልኝ» ስትለው አዲስ ሐሳብ ይመጣለትና ራስህን እንደ ቅል አድርጎ ይሸኝሃል። እኔ ምስማር በፍሬ እየቆጠርኩ ሸጬ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ምስማር ላይ ጥበብ አይጨመርም። ሲመታ ይገባል፣ ካልገባ ይጣመማል፤ ሦስተኛ ጠባይ የለውም። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ከጥበበኛ ጋር ጎረቤት ያደረገው ማን ነው? ዕድል ነው እንዳልል ዕድልን መበደል ይሆንብኛል።

ሸምሱ አሰላ ውስጥ ከሱቄ ጎን ፎቶ ቤት የከፈተ፣ ጨዋና ታታሪ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ከውጭ አገር መጽሔት የተገነጠለ ገጽ ይዞልኝ መጣ። የአንዲት ሴት ፎቶ ነው። ፊቷ ጥርት ብሏል፤ ከኋላዋ ያለው ዛፍ ግን ዛፍ ይሁን ደመና አይለይም።

«ይመልከቱ ጋሼ፣ ዛፉ እንደ ቅቤ ሲቀልጥ!» አለኝ።

«ፎቶ አንሺው እጁ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» አልኩት።

ሸምሱ የታመመ ሰው እንደሚያይ አየኝና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ፎቶ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ። የመስኮት መስታወት በካሜራው ዓይን ልክ ክብ እያደረገ ይቆርጣል፤ ኩራዝ ላይ እያሽከረከረ ጥላሸት ያስቀባዋል፤ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልሎ መካከሉን ይጠርገዋል። መካከሉ ንጹሕ፣ ወደ ዳር ሲሄድ ቀስ እያለ የሚጠቁር መሆን አለበት። ዳሩ በአንዴ ከጠቆረ ይጥለዋል። አሥራ አንድ መስታወት ጣለ፤ ስባሪውን በራፌ ላይ ስለሚያራግፈው ነው የማውቀው። አሥራ ሁለተኛው ሰመረለትና ከሳልሳ ቆርቆሮ በሠራው ቀለበት ካሜራው ላይ ገጠመው።

«ከኋላ ያለው ነገር ድሮም ይደበዝዛል ጋሼ፤ ግን ድብዝዙ ሻካራ ነው። ዳሩን ሳጠቁረው ይለሰልሳል» ብሎ አስረዳኝ። ለድብዝዝ ልስላሴ ምን ያደርግለታል? አልጠየቅሁትም። የሰው ደስታ አልነካም።

ነገሩ እዚያው ፎቶ ቤት ውስጥ ቢቀር ደግ ነበር። ግን ዘመኑ የዘመቻ ዘመን ነው። ቀበሌያችን ጭላሎ ተራራ ሥር እርከን እንዲሠራ ታዘዘ፤ ሰው ያላስወጣ ቤት ከቀበሌው ሱቅ የወሩን ስኳር እንደማያገኝ ተነገረ። ባለቤቴ አስካለ ዳቦ ቢጠፋ ትታገሣለች፣ ዘይት ቢጠፋ ትታገሣለች፤ ስኳር የጠፋ ቀን ግን ቤቱ ቤት አይሆንም። ስለዚህ በጠዋት አካፋ ይዘው ከወጡት አንዱ ሆንኩ።

ድሮ ስም ይጠራ ነበር። ግን አንዱ ለሦስት ሰው «አቤት!» እያለ ሊቀመንበራችንን አሰልችቷቸዋል። እናም በዚያ ቀን ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ «ጓዶች! ስም ይዋሻል፤ ፎቶ አይዋሽም። ዛሬ የምንመዘገበው በፎቶ ነው!» አሉ። አጨበጨብን። ሸምሱ ተጠራ። ለአንድ ፎቶ ብቻ የምትበቃ ፊልም ነበር የቀረችው፤ ስለዚህ ሁላችንም በአንድ ላይ እንድንነሣ ተወሰነ።

ሊቀመንበሩ የሰው አካፋ ተቀብለው ከፊት ቆሙ። እኛ ድንጋይ ስንሸከም የዋልነው ከኋላቸው ተደረደርን። ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት ነን። የጠዋቱ ጉም እንኳ አዝኖልን ገፈፍ ብሎ ነበር። ሸምሱ ግን ያቺን መስታወት ገጥሞ መለሰው።

ፎቶው ታጥቦ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሊቀመንበሩ የጢማቸው ፀጉር እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። እጅግ ወደዱት። ከኋላቸው ደግሞ ሃያ ሦስት ለስላሳ ጥላዎች አሉ። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት የሸምሱን መስታወት ሳያዩ ነው።

ወሬው በከተማው ሲሰማ ያልዘመተው ሁሉ ጥላውን ሊፈልግ ወጣ። ያን ቀን ጢቾ ገበያ በግ ሲሸጡ የዋሉት ኦቦ በዳሶ፣ «ይቺ ጎበጥ ያለችው እኔ ነኝ፤ ወገቤን አታውቁትም?» ብለው ስኳራቸውን ተቀበሉ። እኔ ሐቀኛ ሰው አይደለሁ? በእርጋታ ሱቄን ዘግቼ በሦስተኛው ቀን ሄድኩና ከግራ አራተኛ የቆመውን ጥላዬን አሳየሁ።

«እሱ ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው» አለኝ የኮሚቴው ጸሐፊ።

«ምን? እኔ እኮ ነኝ! ጋቢ ለብሼ!»

«እሳቸው ቀሚሴ ነው ብለዋል። መጀመሪያ የመጡት እሳቸው ናቸው።»

«እሺ፣ ሌላ ጥላ ስጠኝ!»

ጣቱን እየሰደደ ከዳር እስከ ዳር ቆጠረና፣ «ይቅርታ ጓድ፣ ጥላው አልቋል» አለኝ።

አስካለም አላመነችኝም። ውሃ የቋጠረ መዳፌን ዘርግቼ ባሳያት፣ «ምስማር ስትቆጥር ነው» አለችኝ። ከዚያ ሻይ በጨው አቀረበችልኝ። አንድ ወር ሙሉ።

ወደ ሸምሱ ሄጄ ተቆጣሁ። «ልጄ፣ በአላህ! ይህቺን መስታወት ጥረጋት!» አልኩት። አንገቱን ደፋ። «እኔስ እሺ ባልኩ ጋሼ፤ ጓድ ሊቀመንበር ያለ እሷ እንዳታነሣን ብለውኛል። ፊታቸውን ታጎላዋለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረኝ፤ «ከፊት ይቁሙ። ከሳቸው እኩል ከቆሙ እርስዎም እንደሳቸው ይጠራሉ።»

ቀጣዩ ዘመቻ የችግኝ ተከላ ነበር። ፎቶ የሚነሣበት ሰዓት ሲደርስ ሕዝቡ ወደ ኋላ ተጋፋ። ለምን አይጋፋ? የጠራ ፊት የሚያገለግለው ለባለቤቱ ብቻ ነው፤ የደበዘዘ ጥላ ግን ለወንድምም ለአማችም ይሆናል። እኔ ብቻ ወደ ፊት ሮጥኩና ከሊቀመንበሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጠምኩ። እንዳልንቀሳቀስ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ጥርሴን ነከስኩ፣ ዓይኔን አፈጠጥኩ።

ተሳካ! ፎቶው ሲሰቀል ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ ይነበባል። በማግስቱ ከሁሉ ቀድሜ ስኳሬን ተቀበልኩ። አስካለ ፎቶውን ራሷ ሄዳ አይታ ተመለሰችና፣ «ይቅር በለኝ፣ እውነትም ሠራተኛ ነህ» ብላ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረችልኝ። ያን ዕለት ከእኔ በላይ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ከአውራጃው ትእዛዝ መጣ። አቦምሳ ቆላ ውስጥ ቦይ ይቆፈራል፤ እያንዳንዱ ቀበሌ በዘመቻ ላይ ቁርጠኝነቱ ፊቱ ላይ የሚነበብ አንድ ምስጉን ሠራተኛ ለሦስት ወር ይላክ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ሰው ለመምረጥ ፎቶው ፊት ቆመ። ፊቱ የሚነበብ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ሊቀመንበር ደግሞ ቀበሌውን ጥሎ አይሄድም።