የእማማ ዲሚና ዘፈንና ያበጠው ካፓሲተር

(ሩሴ ከተማ፣ ከዳንዩብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ በራንጌል ግቢ የወይን ዳስ ሥር። እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ራንጌልና ሚንቾ ሁለት እህትማማቾች ያገቡ ጎልማሶች ናቸው። ሚስቶቻቸው ወጥ ቤት ገብተው ቃሪያ በሩዝ ይሞላሉ። ባሎቹ ጠረጴዛ ላይ ጀርባው የተከፈተ አሮጌ ባለጥቅል ክር ቴፕ አስቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። አማታቸው አባባ ስታመን ለምሳ ይመጣሉ። ምሳው ግን ሰበብ ነው፤ የሚመጡት ሟች ሚስታቸው እማማ ዲሚና በዚህ ቴፕ የተቀዱትን ዘፈን ለመስማት ነው። «እኔ አሰማዎታለሁ» ብሎ ቃል የገባላቸው ራንጌል ነው።)

ራንጌል፦ አይነካም አልኩህ! አይ-ነ-ካ-ም!

ሚንቾ፦ ኧረ እኔ እስካሁን አልነካሁትም።

ራንጌል፦ በዓይንህ እየነካኸው ነው። መበየጃውን አስቀምጥ!

ሚንቾ፦ ጠጋኙ እኮ «ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ካፓሲተሮች አርጅተዋል፣ ሳትቀይሯቸው ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት» ብሎኛል። ይኸው አዳዲሶቹን ሰጥቶኛል።

ራንጌል፦ (ይስቃል) ጠጋኝ ካልቀየረ ምን ሊሠራ ነው? ስማኝማ ወንድሜ፤ የድሮ ቴፕ ድምፁ ምኑ ነው ደስ የሚለው? ሙቀቱ! ሙቀቱስ የት ነው ያለው? እነዚህ ውስጥ! እነሱን አውጥተህ አዲስ ከከተትክ እማማ ዲሚና የባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት።

ሚንቾ፦ ይሄኛው ግን አብጧል።

ራንጌል፦ ቢያብጥስ? ብዙ ዓመት ያገለገለ፣ በሥራው የሚኮራ ሁሉ ያብጣል።

ሚንቾ፦ አሃ፣ ለካ ለዚህ ነው…

ራንጌል፦ ምን አልክ?

ሚንቾ፦ ምንም። ይሄኛው ደግሞ ፈሳሽ አውጥቷል።

ራንጌል፦ አልቦት ነው።

ሚንቾ፦ ሳይሠራ?

ራንጌል፦ አንተስ ሳትሠራ አይደል የሚያልብህ!

(ሚንቾ ግንባሩን ይዳብሳል። እውነትም አልቦታል።)

ሚንቾ፦ እሺ፣ ጣትህን እንኳ ከዚያ አርቀው። ጠዋት «መብራቱ ይበራ እንደሆነ ልየው» ብለህ ሰክተኸው ነበር። ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል ብሎኛል ጠጋኙ።

ራንጌል፦ የተነቀለ ነገር ተነቀለ! ቧንቧው ከተዘጋ ውሃው ከየት ይመጣል?

ሚንቾ፦ ከባልዲው።

ራንጌል፦ የምን ባልዲ?

ሚንቾ፦ ቧንቧው ሳይዘጋ የሞላው ባልዲ ነዋ።

ራንጌል፦ እዚህ ውስጥ ባልዲ ይታይሃል? ይኸው፣ እያየህ ጣቴን…

(ጧ! ራንጌል ከነወንበሩ ወደ ኋላ ይወድቃል።)

ሚንቾ፦ ኧረ በስመ አብ! ደህና ነህ?

ራንጌል፦ (ጣቱን እየጠባ) አየህ?

ሚንቾ፦ አየሁ።

ራንጌል፦ ምን አየህ?

ሚንቾ፦ ባልዲውን።

ራንጌል፦ የለም! ያየኸው ጤንነት ነው! የሞተ ውሻ ይናከሳል? አይናከስም። ይሄ ተናከሰ፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው፣ ስለዚህ አይቀየርም! በል ሶኬቱን አቀብለኝ።

(ይሰካዋል። ቴፑ ጠርሙስ ውስጥ እንደተዘጋበት ተርብ ያጉረመርማል። ራንጌል ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ያወዛውዛል።)

ራንጌል፦ ስማ! ይሄን ሙቀት ስማ!

ሚንቾ፦ እውነትህን ነው፣ ይሞቃል።

ራንጌል፦ ጎሽ! ጆሮህ መማር ጀመረ።

ሚንቾ፦ ጆሮዬ አይደለም፣ እጄ ነው። እየጨሰ ነው እኮ!

(ጧ! ነጭ ጭስ ወይኑ ቅጠል ድረስ ይወጣል። ሚንቾ ሶኬቱን ይነቅላል። ከወጥ ቤት «ምንድነው የሚሸተው?» የሚል የሴቶች ድምፅ ይመጣል።)

ራንጌል፦ (ወደ ወጥ ቤቱ) ሙዚቃ ነው! (ወደ ሚንቾ፣ በሹክሹክታ) ያንተ ጥፋት ነው።

ሚንቾ፦ የኔ?

ራንጌል፦ አብጧል አብጧል እያልክ ሞራሉን ነካኸው።

(ከዚህ በኋላ ግን ሥራውን ለሚንቾ ተወለት። ሽማግሌው መንገድ ጀምረዋል፤ ቃል የገባው እሱ ነው። ሚንቾ ጠጋኙ እንዳሳየው መጀመሪያ «ባልዲውን» ባዶ አደረገ፤ ከዚያ አሮጌዎቹን አውጥቶ አዲሶቹን በየደ። ራንጌል የሕመምተኛ ዘመድ ይመስል ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።)

ሚንቾ፦ ጨረስኩ። ልሰካው?

ራንጌል፦ ስካው። ባቡር ጣቢያውን እንስማ እንግዲህ።

(ማጉረምረሙ የለም። ክሩ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከድምፅ ማጉያው ጥርት ያለ የወንድ ድምፅ ይወጣል፦ «አንድ… ሁለት… አንድ፣ ሁለት። እኔ ራንጌል ነኝ። አሁንስ ሞቅ አልኩ?»)

ሚንቾ፦ እማማ ዲሚና ድምፃቸው ወፍሯል።

(ራንጌል ማጥፊያውን ይፈልጋል።)

ሚንቾ፦ ቆይ፣ ይሄ አንተ አይደለህ?

ራንጌል፦ (ፊቱ ዱቄት መስሏል) ባለፈው መከር ነው። ቴፑን ካንተ የወሰድኩ ሰሞን። ሙቀቱን ትንሽ ልጨምርበት ብዬ… ቀይ ቁልፍ ነበረው።

ሚንቾ፦ ቀዩ መቅጃው እኮ ነው!

ራንጌል፦ ቀይ ስለሆነ የሚያሞቅ መሰለኝ!

ሚንቾ፦ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላዳመጥከውም?

ራንጌል፦ የጥንት ዕቃ ይከበራል እንጂ ዝም ብሎ ይደመጣል? ወይኔ ሚንቾ! ድምፃቸው ላይ ቀዳሁበት። ለአባባ የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር። ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?

(የግቢው በር ሲጢጥ ይላል። የከዘራ ድምፅ ጠጠሩ ላይ ይሰማል። ሚንቾ ዳቦ ካመጣበት ከረጢት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ያወጣል።)

ሚንቾ፦ እንካ፣ ቶሎ በልና ይሄን ክር ግጠም።

ራንጌል፦ ምንድነው?

ሚንቾ፦ እማማ ዲሚና።

ራንጌል፦ እኔ ጋ የነበረውስ?

ሚንቾ፦ ባዶ ነበር። ልትወስድ ስትመጣ ሳጥኑ ውስጥ ባዶ ክር ከትቼ ነው የሰጠሁህ።

ራንጌል፦ ለምን?

ሚንቾ፦ ልብስ ማጠቢያችንን ጠግነህልን አልነበር?

ራንጌል፦ ታዲያ አይሠራም?

ሚንቾ፦ ይሠራል። ግን እያጠበ እስከ ደጅ ይሄዳል። ልብሳችንን አጥር ጋ ነው የምንቀበለው።

(አባባ ስታመን ገብተው ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። እማማ ዲሚና መዝፈን ጀመሩ። ሚስቶቹ እጃቸው ሩዝ እንደሆነ በር ላይ ቆሙ። ሽማግሌው ጣታቸውን አንስተው «አሁን ታስላለች» አሉ፤ እማማ ዲሚና ሳል አሉና ሳቁ፣ ዘፈኑንም ቀጠሉ። ራንጌል ማንም ሳያየው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።)

ራንጌል፦ (በሹክሹክታ) ሰማህልኝ ሙቀቱን? ኦሪጂናል ካፓሲተር ማለት…

(ሚንቾ መዳፉን ከፍቶ ያሳየዋል። ያበጡት ካፓሲተሮች እጁ ላይ ናቸው።)

ራንጌል፦ አደራህን፣ ለአባባ እንዳትነግራቸው።

ሚንቾ፦ ስለ ካፓሲተሩ ነው ወይስ ስለ ቀዩ ቁልፍ?

ራንጌል፦ ስለ ሁለቱም።

ሚንቾ፦ እሺ። ቴፑ ግን ከዛሬ ጀምሮ የሚቀመጠው እኛ ቤት ነው።

ራንጌል፦ እኔስ?

ሚንቾ፦ መጥተህ ታዳምጣለሃ። እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ።