ጭኑ የጠነከረለት ልጅ

አንባቢ ሆይ፣ ጉልበት የሚገነባ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ቤት አንድ አለ፤ ልጄ። ደብረ ማርቆስ ጂም ገብቶ ብረት ያነሳል። ዳገት ሲያይ ይሮጣል፤ ምን እንደሚያባርረው ግን አላውቅም።

ጎረቤታችን አየለ «ብረት ካማረህ ማረሻ አንሳ» ብሎ ቢቀልድበት ልጄ በጥፊ መታው። ንስሐ አባቱ ስግደት አዘዙት። በሳምንቱ እየሳቀ ወደ ቄሱ ሄደ።

«አባ፣ ጭኔ ጠነከረልኝ! ትንሽ ይጨምሩልኝ።»

ቄሱ ጭኑን አዩና፣ «እንግዲያስ ስግደቱ ይቅር፤ አየለን ይቅርታ ጠይቅ» አሉት።

ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ስፖርት ነው ብዬ ተከተልኩት። የአየለ በር ላይ ደርሶ ቆመ። ላብ አጠመቀው።

«አባዬ፣ እስቲ እርስዎ ያንኳኩልኝ።»

«ይህን ክብደት ሌላ ሰው አያነሳልህም» አልኩት።

አንኳኳ። አየለ ከውስጥ «ማነው?» ሲል ያ የጠነከረ ጭን ተንቀጠቀጠ።